ኖር፣ በጭቃው ሜዳ

ዝናብ የጠገበ ሣር ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል። ባለፈው ሳምንት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ያ ሽታ ከመናፈሻው በኩል መጣና የታሪክ አስተማሪያችንን አስታወሰኝ።

ጡረታቸው የተቃረበ ግዙፍ ሰው ነበሩ። አፍንጫቸው የተጣመመ፣ ጆሯቸው እንደ ደረቀ እንጉዳይ የተኮማተረ። ራግቢን፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን አቅፈው የሚጥሉበትን ጨዋታ፣ ብዙ ሰው በማያውቅበት ዘመን የካናዳን ማሊያ ለብሰው ባሕር ማዶ ከተጫወቱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ናቸው ይባል ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን አላወሩልንም።

እኔና ቤተሰቤ ከአገር ቤት መጥተን ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር ከገባን ገና ወር አልሞላንም ነበር፤ ጓደኛ የሚባል አልነበረኝም። እሳቸው ክፍል ሲገቡ ብድግ እላለሁ፣ ልጆቹ በሳቅ ያውካካሉ። እናቴ ደግሞ «ካናዳ ነው ብለህ አስተማሪ ሲገባ ተጎልተህ ብትጠብቅ ውርድ ከራሴ!» ብላኛለች። አንድ ቀን አስቀርተው ለምን እንደምነሳ ጠየቁኝ። ታላቅ ሲመጣ «ኖር» ብለን እንደምንነሳ፣ እሱም «በእግዜር» ብሎ እንደሚመልስ ነገርኳቸው። ቃሉን ደጋግመው ሞከሩትና «ከሰዓት ሜዳ ና» አሉኝ።

እሳቸው የሚያሠለጥኑት የትምህርት ቤቱ የራግቢ ቡድን ውስጥ ለመግባት፣ እግራቸውን አቅፎ እሳቸውን መጣል ግድ ነበር። ሌሎቹ ጣሏቸው። ተራዬ ሲደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሽበታም አስተማሪ እንዴት ይጣላል? ልጆቹ «ካም ኦን!» እያሉ ይጮኻሉ። ካልገባሁ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ምሳዬን ብቻዬን ልበላ ነው።

ጠጋ አሉኝ። «በዚህ ጨዋታ የጣለህ ሰው ነው እጁን ዘርግቶ የሚያነሳህ። አክብሮቱ እዚያ ላይ ነው። ጉንጭህን ጭኔ ላይ ለጥፍ፣ በሁለት እጅህ እቀፍ፣ አትልቀቅ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁባቸው። ጭቃው ላይ አብረን ተዘረርን። ተነስቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁና ሳላስበው «ኖር» አልኳቸው። «በእግዜር!» አሉ፤ ሳቃቸው ሜዳውን ሞላው። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ብቻዬን በልቼ አላውቅም።

አምና ኖርዝ ዮርክ ሰፈር፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስሜን ነገርኳቸው፤ አላወቁኝም። ትንሽ አተኩረው አዩኝና የወንበሩን ክንድ ጨብጠው መነሳት ጀመሩ።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ይወድቃሉ!» አለች ነርሷ።

«ኖር» አሉኝ።

ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ሮጬ ተንበረከክሁና ጉንጬን ጭናቸው ላይ ለጥፌ በሁለት እጄ አቀፍኳቸው። ያ ግንድ የሚያህል እግር አጥንት ብቻ ቀርቶታል። «በእግዜር» አልኩ እያለቀስኩ። አልለቀቅኳቸውም።