መዝሙሩ የቶሎሳ ነው

አዳማን ለቅቄ የወጣሁት ሊመሽ ሲል ነው፤ ቲማቲም በጫነ መኪና፣ ልጄን አስቴርን አቅፌ። ባሌ ቶሎሳ ከታሰረ ከርሞ ነበር። "አትጠብቂኝ፣ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ" ብሎ ከእስር በተፈታ ሰው ልኮብኝ ነበር።

ቶሎሳ መዝሙር ይሠራ ነበር። ደርግ ጸሎት ቤታችንን ስላሸገው በየቤቱ መጋረጃ ዘግተን በሹክሹክታ እንዘምራለን። ስናጨበጭብ እንኳ በአንድ ጣት መዳፋችንን መታ መታ ነው። መዝሙሩን ማን ሠራው ብንባል አናውቅም እንድንል ተስማምተን ነበር። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ወንድሞች ተገረፉ፤ ስሙን ግን አልተናገሩም። እሱንም የያዙት ቤቱን ለጸሎት ሰጠ ብለው ነው።

በሞያሌ ተሻግሬ ናይሮቢ ገባሁ። አቤት ብርዱ! የአዳማ አቧራም ይናፍቃል ለካ። ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ ቅጣት ነው። የስደተኞች ቢሮው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

"የባልሽ ሥራ?"

"መዝሙር ይሠራል።"

"ደመወዙስ?"

"ለጌታ ነው የሚሠራው።"

"እንግዲያው ሥራ የለውም።"

"ሥራ ባይኖረው ለምን ያስሩታል?"

አስተርጓሚው ሳቀ። ሰውዬው ግን ሥራ ፈት ብሎ ጻፈ።

"ሰርዘው!" አልኩት።

"ማማ፣ ተራሽ አልቋል።"

በዚያው ዓመት የቶሎሳ መርዶ ደረሰኝ። የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም።

ደርግም ወደቀ፣ እኔም እዚሁ ናይሮቢ የልጅ ልጅ አየሁ። በቀደም አስቴር ከአዳማ የመጣ የመዘምራን ካሴት ከፈተች። የቶሎሳ መዝሙር! በኪቦርድ፣ በከበሮ። ሽፋኑ ላይ ግን ደራሲ ተብሎ የተጻፈው የመዘምራኑ መሪ ስም ነው። ሽፋኑ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩለት።

"መዝሙሩ የባሌ ነው።"

"ምስክር አለዎት፣ እማማ?"

"ምስክሮቹማ እየተገረፉ አናውቅም ያሉት ናቸው። ከነሱ ማን ቀረ?"

"ያው ክብሩ ለእግዚአብሔር ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ ያንተን ስም ለምን ጻፍክበት? እኔ ክብር አልጠየቅኩህም። ስሙን ጻፍለት።"

"ማን ነበር ያሉኝ?" አለ።

"ቶሎሳ።"

ከኋላው መዘምራኑ ልምምድ ጀመሩ። ያንኑ መዝሙር፣ በሙሉ ድምፅ።

"አይሰማኝም፣ እማማ!"

"ቶሎሳ! ቶሎሳ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቶቼ ደንግጠው ደጃፌ ላይ ቆሙ። መዝሙሩ ስሙን ዋጠው።

"ሌላ ጊዜ ይደውሉ" ብሎ ዘጋው።