የግማሽ ቀን ሠራተኛዬ ዘመዶች

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ጎረምሳ ያለው ቤት ሁሉ እንቅልፍ ባጣበት ዘመን፣ ጂንካ ላይ ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የልጅ ልጆቼን እንኳ አንዱን በሌላው ስም ነው የምጠራቸው። ይህ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በዕድሜዬ ሌባ ልይዝ የወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የተያዝኩትም እኔው ነኝ።

ያኔ ልብስ አጥቤና ተኩሼ ነበር የምተዳደረው። ከሸዋ የመጣሁት ለንግድ ነበር፤ ንግዱ እንቢ ሲለኝ በአንድ የከሰል ካውያና በሁለት ሳፋ ቀረሁ። ቤቴ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ስለነበር ነፋሱ ልብስ ቶሎ ያደርቅልኛል። የመምህራን ሸሚዝ፣ የሆቴል አንሶላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሹማምንቱ ካኪ ዩኒፎርም እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ፖለቲካ አላውቅም፤ ግን ከአንገትጌው እድፍ ተነስቼ የትኛው ሹም ስብሰባ ላይ እንደሚያልበው አውቅ ነበር።

ሥራው ሲበዛ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ።

"ሰው ቅጠር" አለችኝ ባለቤቴ በላይነሽ። "አለዚያ አንተንም አጥቤ ማስጣት ነው የሚቀረኝ።"

መቅጠር እንዲህ በቀላሉ የሚደረግ አልነበረም። ቀጣሪ ማለት በዝባዥ ነው፤ በዝባዥ ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ራሱን ይሰድባል። ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ፤ ለግማሽ ቀን ብቻ እቀጥራለሁ። የጠየቀኝ ካለ፣ "ጓዶች፣ እኔ ግማሽ በዝባዥ ነኝ" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከቀትር በፊት የሚሄድ ሠራተኛ ምሳ አይበላም።

የመጀመሪያው ሠራተኛዬ ማርቆስ ይባላል። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ የሚመጣ የአሪ ሰው፣ ሚስት ያገባ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ጎልማሳ ነው። ክንዱ ግን ለጉድ ነው፤ አንሶላ ሲጨምቅ አንሶላው ይጮኻል። ተደሰትኩ። ደስታዬ አንድ ሳምንት አልሞላም።

ምን አየሁ? ከአጥሬ ማዶ አንድ ሽማግሌ፣ ያረጀ ካፖርት ለብሶ፣ ዱላውን ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ገመዴ ላይ ነው። በማግስቱ እሱ ቀርቶ አንዲት ሴት በእሱ ቦታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ወንድ። ተራ ገብተዋል! አውሮፕላን የሚመጣበት ቀንማ ሦስቱም አብረው መጡ። አውሮፕላኑን ያያሉ፣ ካኪውን ያያሉ፣ ይንሾካሾካሉ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አልኩት ማርቆስን።

"ዘመዶቼ ናቸው፣ ጋሼ።"

"ምን ይፈልጋሉ?"

"ምንም። ያያሉ።"

ሰው ምንም ሳይፈልግ የሰው ሱሪ ያያል? ሌባ መጀመሪያ ያጠናል፣ ኋላ ያነሳል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጥ ሆኜ ስተኩስ አንድ ዓይኔ በበሩ ቀዳዳ ነው። የአንድ መምህር ሸሚዝ ክርኑ ላይ ያቃጠልኩትም በዚሁ ነው። በላይነሽ፣ "እነሱስ እስካሁን ምንም አላጠፉም፤ አንተ ግን ሸሚዝ ጨረስክ" አለችኝ።

የአብዮት በዓል ዋዜማ ሆነ። ገመዴ በካኪ ተሞልቷል፤ ሹማምንቱ በማግስቱ ለብሰው አደባባይ ይወጣሉ። ከሰል ላቀጣጥል ገባሁ። ስወጣ አንሶላውና ሸሚዙ አለ፤ ካኪ የሚባል ግን አንድም የለም። ማርቆስም የለም። ከአጥሩ ማዶም ሰው የለም።

የሹም ሱሪ ጠፋ ብዬ ማን ፊት እቆማለሁ? ለአብዮት ጥበቃዎቹ እንዳልነግር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ "ሠራተኛ አለህ እንዴ?" ነው። በዚያ ጊዜ አሻጥረኛ መባልም ቀላል ነው። ታስሬ፣ በላይነሽ ስንቅ ስታመላልስ ታየኝ።

"ብያለሁ! ሌቦች ናቸው ብያለሁ!" እያልኩ ወደ ኮረብታው ወጣሁ።

የማርቆስን ቤት ጠይቄ ስደርስ ያ ካፖርት የለበሰው ሽማግሌ ደጁ ላይ ተቀምጧል። አጎቱ ነው። ከጎኑ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አለ፤ በአንድ በኩል የካኪ እግር ብቅ ብሏል። ሊደብቀው እንኳ አልሞከረም።

"ልብሴን አምጣ!" አልኩ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ።

"ልብሱን ፈልገህ መጣህ" አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። "ልጁ የት ነው አላልክም።"

በዱላው ጥቅሉን ነካ አደረገ።

"ይሄ ሁሉ ሱሪ የማን ነው?"

"የሹማምንቱ።"

"አንድ ሰው ስንት እግር አለው? ጠዋት ገመዱ ሙሉ፣ ማታ ባዶ። አውሮፕላን ይመጣል፣ ይሄዳል። የወታደር ልብስ አለህ፤ የሚገባበት ሰው የለህም። ከዚያ ጠንካራ ሰው ፈልገህ የእኛን ልጅ ጠራህ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ እኔ ለእነሱ ልብስ አጣቢ አይደለሁም፤ ልጃቸውን ካኪ አልብሼ ወደ ሰሜን የምጭን ሰው ነኝ! ልብሱን የወሰዱት፣ ልብስ ከሌለ ወታደር አይኖርም ብለው ነው።

"አጥባለሁ እንጂ አላለብስም!" አልኩ። ማርቆስ ከቤት ብቅ አለ፤ ሁለት ሴቶች ከኋላው እጅጌውን ይዘውታል።

"ጋሼ፣ እኔ ነግሬያቸዋለሁ። አላመኑኝም።"

"እሺ" አለ አጎቱ። "ታዲያ ለምን ለግማሽ ቀን? ሰው ያሠራ ሰው ያበላል። አንተ ቀትር ሳይደርስ ትሰደዋለህ። አብሮህ የበላን ሰው አሳልፎ መስጠት ይከብዳል። እንዳይከብድህ ነው የማታበላው።"

ስለ በዝባዥነት ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ ረዘመብኝ።

"አባቴ" አልኩ በመጨረሻ፣ "ስስት ነው። ክፋት የለበትም፤ ስስት ብቻ ነው።"

ማርቆስ ለሴቶቹ በአሪኛ ተረጎመላቸው። ሴቶቹ እጅጌውን ለቀው ሳቁ። የገዛ ስስቴ በሌላ ቋንቋ ሲሳቅበት መስማት እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።

አጎቱ ግን አልሳቀም። ካፖርቱን አውልቆ ወረወረልኝ። "አጣቢ ከሆንክ እጠብ።"

ከቤቱ በታች ወዳለው ምንጭ ወረድን፤ መንደሩ ተከተለን። ያ ካፖርት ከተሰፋ ጀምሮ ውኃ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ድንጋይ ላይ አሻሸሁት፣ ረገጥኩት፣ አንዴም አዳልጦኝ ከነልብሴ ተቀመጥኩበት። አንዲት አሮጊት፣ ራሱን ነው ወይስ ካፖርቱን የሚያጥበው ሳትል አልቀረችም፤ ማርቆስ ግን ይሄን አልተረጎመልኝም። ጥቁር ውኃ ወርዶ ወርዶ የጨርቁ ቀለም ሲገለጥ አጎቱ ጎንበስ ብሎ አየው።

"ሰማያዊ ነው እንዴ?" አለ።

ከዚያ በኋላ አስቀመጡኝ። የተቀቀለ ጎደሬ መጣ፤ ከቡና ቅጠል የፈላ ትኩስ ነገር በቅል ተሰጠኝ። አጎቱ ከእኔው ቅጠል ላይ እያነሳ አብሮኝ በላ፤ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል። ስጨርስ ጥቅሉን ራሱ አንስቶ አሸከመኝ። "አሁን በልተሃል" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት በላይነሽና እኔ ተኩሰን ስንጨርስ አንዱ ሹም፣ ጓድ እገሌ ልበላቸው፣ ዩኒፎርማቸውን ሊወስዱ መጡ። አሸተቱት።

"ጭስ ጭስ ይላል።"

"ካውያው ነው፣ ጓድ።"

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉ። "ያ አንሶላ የሚጨምቀው ጠንካራ ሰውዬ ዛሬ የለም? ለውትድርናው ሰው ጎድሎብናል። ቤቱ የት ነው?"

አጎትየው አልተሳሳተም ነበር። የጠረጠረው ነገር ከተማው ውስጥ ነበር፤ የሰውየው ማንነት ብቻ ነው የተምታታበት።

የአጎቱ ጎደሬ ትዝ አለኝ። ምላሴ ከእኔ ቀደመች።

"እሱን ሌባ ነው የሚሉኝ፣ ጓድ?" ብዬ ጮኽኩ። "ሁለት ሱሪ አንስቶ በቀይ አፈር በኩል ከጠፋ ሰነበተ! እስካሁን አርባ ምንጭን ሳያልፍ አይቀርም። ካገኛችሁት መጀመሪያ ለእኔ ስጡኝ!"

ጓድ እገሌ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የዋህ ነህ አንተ ደግሞ። ሰው ቶሎ ታምናለህ" አሉኝና ሄዱ።

በላይነሽ ሳቋን ለማፈን አንሶላ አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ ግን ያን ቀን መሳቅ አልቻልኩም። ማርቆስ እንዳይወርድ ወዲያው ሰው ላክንበት። ከዚያ በኋላ ልብሱ ወደ እሱ ይወጣ ጀመር፤ ዘመዶቹ ይሸከሙታል፣ እሱ ምንጩ ዳር ያጥበዋል፣ እኔ እተኩሳለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ነው በነፃነት ከተማ የወረደው። ያኔም በገበያ የሚያውቁት፣ "ሱሪውን የት አደረስከው?" ይሉት ነበር። ስሙን እንዳጠፋሁበት አጎቱ ሲሰማ ተቆጥቶኝ ነበር፤ ምክንያቱን ሲሰማ ደግሞ ልብሴን ጨምድዶ ይዞ እንደ ካፖርቱ ያሸኝ ጀመር፤ ለካ ማቀፉ ነው።

እኔ አሁንም ተጠራጣሪ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህን እያነበበ የሚስቅ ጎረቤቴንም እጠረጥራለሁ። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ያኔ እኔ የጠረጠርኩት ለሱሪ ነበር፤ ያ ሽማግሌ የጠረጠረው ለሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ የማላውቀው ሰው በክፉ ዓይን ሲያየኝ እንደ ድሮው አልቆጣም። ይሄ ማንን ከእኔ እየጠበቀ ይሆን ብዬ ዞር ዞር እላለሁ።