ጤነኛ ይፈለጋል

ወንድሜ በሽታዬን ያላመነው ግድግዳ ስላጸዳሁ ነው።

ያን ሰሞን ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ባለችው ሁለት መኝታ አፓርትመንታችን ውስጥ ፍሪጁን ከቦታው ጎትቼ፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ በጥርስ ብሩሽ እየፈተግኩ አለቅስ ነበር። አለቅስ ነበር ስል ዓይን ማርጠብ አይደለም፤ እንባዬ አገጬ ላይ እየተጠራቀመ ሳሙናውን ያቀጥነው ነበር። ዓለም ጨልሞብኛል፤ ግን ቁጭ ማለት አልችልም። ጭንቅላቴ ውስጥ አምስት ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ተከፍቷል፤ አምስቱም የሚያነቡት መርዶ ነው፣ አነባበባቸው ግን እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ።

ወንድሜ ከሥራ ገባና በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ሆነሻል?»

«ከፍቶኛል፣ ጋሼ።»

ግድግዳውን አየ። ጥርስ ብሩሹን አየ። ብሩሹ የራሱ መሆኑን ያወቀው ትንሽ ቆይቶ ነው። «የከፋው ሰው ይተኛል» አለ። «ደስ ያለው ሰው ያጸዳል። ማለቴ፣ አንዱን ምረጪ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። «ጋሼ» እያልኩ «አንተ» የምለው ነው፤ ጋሼው ለዕድሜው፣ አንተው ለቅርበታችን። ወረቀቴን ጨርሶ እዚህ ዳላስ አካባቢ ያመጣኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማረኝ፣ በዚህ አገር ቤተሰብ ብዬ የምጠራው ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ሰው ሁሉ አምኖኝ እሱ ካላመነኝ፣ ለእኔ ያመነኝ የለም ማለት ነው።

ሐኪሟ ግን አንዱን ምረጪ አላለችኝም። ባይፖላር የሚባል የስሜት ሕመም አለብሽ፤ ሐዘኑና ሩጫው ተራ ሳይጠብቁ አብረው ሲመጡ «ሚክስድ ፊቸርስ» እንለዋለን አለችኝ። እኔ በልቤ «በየዓይነቱ» ብዬ ሰየምኩት። አንድ ትሪ ላይ ሁሉም አለ፤ ችግሩ ማንም አላዘዘውም። ኪኒን ጻፈችልኝና ጀመርኩ። በወሩ ከአምስቱ ሬዲዮ ሦስቱ ተዘጉ። የቀሩት ሁለቱም ድምፃቸውን ቀነሱ። ግድግዳውን ግድግዳ ሆኖ ማየት ቻልኩ። ከዚያ ወር በኋላ ያንን ኪኒን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር።

ወንድሜ ግን ኪኒኑን ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። የኤርፖርት ሾፌር ነው፤ ሰው ከነሻንጣው ከዚህ ወደዚያ ሲያመላልስ ነው የሚውለው። ለእሱ በሽታ ማለት ሥራ ማጣት ነው። አባታችን ባረፈ ጊዜ እኔ ገና አዲስ አበባ ነበርኩ። እሱ ለቀብሩ መድረስ ስላልቻለ፣ ሐዘን ይቀመጣል ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ ሁለት ስልክ ይዞ ሳምንቱን ሙሉ መንዳት ጀመረ። ሳክሲ የምትባል ከተማ ላይ ቤት ልገዛ ነው ብሎ ፈርሞ በሳምንቱ አፈረሰው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተኳረፈ። በመሐል ስፓኒሽ ይማር ጀመር። እኛም በስልክ እየሰማን «ጎበዝ ነው፣ ሐዘኑን በሥራ ቻለው» እያልን አደነቅነው።

ሌላው ጠባዩ መኪናው ነው። በወር አባልነት የፈለገውን ያህል የሚያሳጥብበት ላቫጆ አለው፤ ብሩሾቹ እየተሽከረከሩ መኪናውን ከነሰዉ የሚያጥቡበት፣ እንደ ዋሻ ረጅም የሆነ ዓይነት። በሳምንት አራት ጊዜ ይገባል። ዝናብ ዘንቦም ይገባል። «ይሄ መኪና ቆዳው ሊላጥ ነው» ብዬ ስንት ጊዜ አሹፌበታለሁ። አይመልስልኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሐኪሟ፣ ጎረቤት ከተማ ሪቻርድሰን ውስጥ የአንጎል ፎቶ የሚያነሳ ጥናት እንዳለና እንደኔ ዓይነት ሰው እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ልቤ ዘለለ። የእኔ ሥራ፣ ሰው ገዝቶ የመለሰውን ዕቃ በሚቀበል መጋዘን ውስጥ ሳጥን እየከፈትኩ የተሰበረውን ካልተሰበረው መለየት ነው። ብሌንደር ከተሰነጠቀ ስንጥቁን በጣትህ ታሳያለህ፣ ነገር አለቀ። እኔም የምፈልገው ይኸንኑ ነበር፤ ስንጥቄን እያሳየሁ «ይኸውልህ፣ ጋሼ» ማለት።

ለወንድሜ መኪና ውስጥ ነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆየና «ኦኬ» አለ። «ፎቶው ላይ ከታየ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልታየ ግን ኪኒኑን ትጥያለሽ። ዲል?»

ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። እጄን ዘረጋሁና ተማታን።

የጥናቱ አስተባባሪ በጣም ትዕግሥተኛ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀችኝ፤ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ገንዘብ አወጣጤ፣ ስለ ቁጣዬ። ቀጥላ ብረት ያለውን ሁሉ አውልቂ አለችኝ። የአንገቴን መስቀል ከነክሩ አውልቄ ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ጨብጦት መጠበቂያው ክፍል ተቀመጠ። ማሽኑ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ገባሁ። አትንቀሳቀሺ፣ እጅሽን አታንሺ፣ ምንም አትንኪ፣ እኛ ነን የምናስገባሽ የምናስወጣሽ ተባልኩ። ይሄ እኮ ላቫጆ ነው አልኩ በሆዴ። እዚያም መግቢያው ላይ «ኒውትራል ላይ አድርግ፣ እግርህን ከፍሬን አንሳ፣ መሪ አትንካ» ይላል።

ማሽኑ ይደልቃል፣ ይጮኻል፣ ያንኳኳል። ፊት ለፊቴ ባለው ስክሪን ላይ የሰው ፊት ይመጣል፤ የፈራ፣ ያዘነ፣ የተቆጣ። እኔ ቁልፍ እጫናለሁ። አንዱ የተቆጣ ፊት ወንድሜ ጥርስ ብሩሹን ያወቀ ዕለት የነበረውን ፊት ቁርጥ መሰለኝና ሳቄ መጣ። «እባክሽ፣ አትንቀሳቀሺ» አለኝ ድምፅ ማጉያው።

ስወጣ አስተባባሪዋን ያዝኳት። «ሶ፣ ታየ?»

ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ሦስት ዓይነት ሰዎችን ጎን ለጎን ነው የሚያዩት፤ ባይፖላር ሳይኖርባቸው ድባቴያቸው ከሩጫ ጋር የተቀላቀለባቸው፣ እንደኔ ባይፖላር ኖሮባቸው ሁለቱ አብረው የሚመጡባቸው፣ እና ጤነኞች። ስሜት የሚቀጣጠልበት የአንጎል ክፍልና ከፊት ሆኖ ልጓም የሚይዘው ክፍል እንዴት እንደሚነጋገሩ ያወዳድራሉ። ልዩነት ካለ ግን ስስ ነው፤ የሚታየውም የብዙ ሰው ፎቶ ተደምሮ አማካዩ ሲወሰድ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ገና አልተስማሙበትም።

«የእኔ ፎቶ ብቻውንስ?»

«ብቻውን ስለ ሕመምሽ ምንም አይነግረንም።»

ኪኒኔን አስይዤ ቁማር መጫወቴ የገባኝ ያኔ ነው። ልጅቷ ለመታሰቢያ ብላ የአንጎሌን ፎቶ አትማ ሰጠችኝ፤ ባትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ፓርኪንግ ላይ መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ መረመረው። ለሁለት የተከፈለ ጥቅል ጎመን ነው የሚመስለው። «ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ዓይኔ ነው።»

«ይሄስ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

አገላበጠው። ሊገዛው ያሰበውን መኪና ሆድ ዕቃ የሚያይ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ ፊቱ በራ። «ክራክ የለ፣ ሊክ የለ። ይሄ ጭንቅላት ኢንስፔክሽን ያልፋል!» ደስታው የእውነት ነበር፤ እህቱ ደህና ሆና ተገኘችለት። አንጀቴን በላኝ። ግን ወዲያው «ሶ፣ ዛሬውኑ ኪኒኑን ትጥያለሽ» ሲል አንጀቴ መበላቱን ተወ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጋሼ፣ አንድ ፎቶ ብቻውን አይነበብም» አልኩት። «ከጤነኛ ጋር ነው የሚወዳደረው። ጤነኛ ደግሞ አጥተዋል።»

ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም። መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ጤነኛ ፈቃደኞች እንፈልጋለን የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጊዜ መግዣ ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

«ምን ዓይነት ጤነኛ?» አለ።

«በዕድሜው ጠና ያለ፣ ሲጋራ የማያጨስ፣ ጭንቅላቱ የረጋ።»

ደረቱን ነፋ። «እኔስ ምን ጎደለኝ?»

በሳምንቱ፣ እሱ ሠርግ የተጠራ መስሎ ለብሶ፣ ተመልሰን ሄድን። ኤርፖርት ያስለመደው ሰው ስለሆነ ሳይጠየቅ ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉን፣ የአንገት መስቀሉን አወላልቆ ጭኔ ላይ ከመረልኝ። «ሃያ ደቂቃ ነው» ብሎኝ ገባ። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ማሽን ነው። ሃያው ደቂቃ አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ማሽኑ ሲደልቅ ይሰማኛል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ምንም የለም።

ሲወጣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዟል፣ በሌላው የታጠፈ ወረቀት። እጁን ዘረጋ። ቀበቶውን ሰጠሁት። መስቀሉን አንገቱ ላይ እኔ አሰርኩለት።

ቤልት ላይን የሚባለውን መንገድ ይዘን ወደ ጋርላንድ ነዳን። ወረቀቱን የፀሐይ መከላከያው ላይ ሰካው። ወደ ቤታችን የሚታጠፈውን መንገድ አለፈና ላቫጆው ገባ። መኪናው ዛሬ ጠዋት ታጥቧል። እንዲህ ልለው አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። ኒውትራል ላይ አደረገ፣ እጁን ከመሪው አነሳ፣ ሰንሰለቱ ጎተተን።

«አልወሰዱኝም» አለ።

«ምነው፣ ሰውነትህ ውስጥ ብረት አለ እንዴ?»

«ብረት የለም።» መስታወቱን ውኃ መታው። «ልጅቷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የከፋህ ጊዜ ነበር? አለችኝ። ነበር፣ አባባ ያረፈ ጊዜ። እሱማ ሐዘን ነው ብዬ። ከዚያ በኋላስ ተመልሶ መጥቷል? አለችኝ። መቼስ አልዋሽም፤ መጥቷል። ሁለቴ። ያን ጊዜ ትተኛለህ? አልተኛም። ይደክምሃል? አይደክመኝም፣ እንደውም እሮጣለሁ። ሐሳብህስ?» ወደ እኔ ሳይዞር በጣቱ ጭንቅላቱ አጠገብ አየር አዞረ። «ሶ፣ ከጤነኞቹ ጋር ላስገባህ አልችልም አለችኝ። በጣም በትሕትና። የሐኪም ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ።»

ክርክሩን አሸንፌያለሁ፤ እንዲህ ላሸንፍ ግን አልፈለግኩም።

«ከፍቶህ ነበር እየሮጥክ?» አልኩት።

«ግድግዳ አላጸዳሁም እንጂ።»

«ስታለቅስ እኮ አይቼህ አላውቅም፣ ጋሼ።»

ያኔ ሮዙም ሰማያዊውም አረፋ ወረደና በአራቱም በኩል መስታወቱን ሸፈነው። ውጭው ጠፋ፤ ብሩሾቹ እየጮኹ መጡ። በአገጩ አረፋውን አሳየኝ። «እዚህ ማን ያያል?»

ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ መኪናው እያብረቀረቀ፣ በሳምንት አራት ጊዜ። እኔ ደግሞ ቆዳው ሊላጥ ነው እያልኩ ሳሾፍ።

«ስንት ጊዜ?» አልኩት።

«ሜምበርሺፑ አንሊሚትድ ነው» አለ።

ሳቅ ከአፌ አመለጠኝ፤ እንባው ተከተለው። እሱም ሳቀ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ፣ በእጀታው ፊቱን ሸፈነ። በየዓይነቱ ቀረበልን፣ ለሁለት።

«አንዱን ምረጥ» አልኩት።

«ዝም በይ» አለኝ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

ማድረቂያው ንፋስ አረፋውን ከመስታወቱ ላይ ገፈፈው። ፓርኪንጉ፣ ሰዎቹ፣ ፀሐዩ ተመልሰው መጡ። ፊቱን በመስታወት አይቶ አስተካከለ፤ ማርሽ አስገባ። ወረቀቱ የፀሐይ መከላከያው ላይ እንደተሰካ ነው። ዋናው መንገድ ጋ ስንደርስ መብራት ያዘን።

«ያ ኪኒንሽ» አለ፣ መብራቱን እያየ። «ያስተኛል እንዴ? ሾፌር ነኝ እኮ።»

«ሐሙስ ከሐኪሜ ጋር አፖይንትመንት አለኝ» አልኩት። «አንተ ነህ የምታደርሰኝ። ገብተህ ራስህ ጠይቃት።»