ቁንጫ የሌለበት አገር

ቅዳሜ ጠዋት ከጅማ ስንነሳ ዓላማችን መዥገርና ቁንጫ ይዘን መመለስ ነበር። ለዚህ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጤነኛ እንደማይመስል አውቃለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ግን በእነሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝርያቸውን የሚለየው ማሽን ያለው ውጭ አገር ነው፤ ናሙናውን ይዞ የሚሄደው አማካሪዬም ማክሰኞ ይበራል። ከሰው ቤት የተገኘ ቁንጫ ካላመጣህ ምረቃህ ለከርሞ ነው ብሎኛል። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ደግሞ ለምረቃዬ በግ ማድለብ ጀምራለች።

አብሮኝ የተጓዘው ነዚፍ በእንስሳት ክሊኒክ የሚሠራ የጅማ ልጅ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ አስተርጓሚዬም እሱ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጭኔ ላይ ያለውን የበረዶ ሳጥን አይተው ክትባት ነው ወይ አሉኝ። የመዥገር ማስቀመጫ ነው ስላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እስከ አጋሮ ድረስም አልመለሱትም።

አጋሮ

የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። መዥገር ከአንድ በሬ ላይ እንደ ልብ አገኘን። ማሽኑ ዝርያውን የሚለየው ከመዥገሩ እግር ከሚወጣው ፕሮቲን ስለሆነ እግሩ እንዳይጎድል በወረንጦ ቀስ ብሎ መንቀል ያስፈልጋል። የበሬው ባለቤት ግን ሊያግዙኝ ብለው እየነቀሉ፣ እንደ ልማዳቸው በጫማቸው ይጨፈልቁታል። እኔ "አባባ፣ እግሩን፣ እግሩን" እያልኩ እለምናለሁ። ለመዥገር እግር እንዲህ የሚሳሳ ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ነዚፍን ጠጋ ብለው ደህና መሆኔን ጠየቁት።

ቁንጫ ስንል ግን አገሩ ሁሉ ንጹሕ ሆነ። በየቤቱ ግድግዳ ላይ "ሞዴል ቤተሰብ" የሚል የጤና ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ከመንግሥት የመጣን የሚመስል ሰው ፊት ቁንጫ አለብኝ ብሎ ያንን ወረቀት የሚያስነጥቅ ማን ነው? ሁሉም እጁን ወደ ጎረቤት ይጠቁማል፣ ጎረቤቱም ወደ ጠቆመን ሰው ይመልሰናል። ማታ ሆቴል ይዘን ፓስታ በእንጀራ በላሁና የእናቴን በግ እያሰብኩ ተኛሁ። ሌሊቱን ስታከክ አደርኩ፤ ሆቴሉንም ስረግም።

ጌራ

እሑድ በኮረኮንቹ መንገድ ወደ ጌራ ወጣን። አዴ ዘይነባ የሚባሉ ባለ ቡና እናት ተቀብለው አስቀመጡን። ወረቀቱ በእሳቸውም ግድግዳ ላይ አለ። ነዚፍ በኦሮምኛ ስለ ቁንጫ ሲጠይቃቸው ወላሂ፣ ቁንጫ የሚባል ነገር የለም ብለው አረፉት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ይሉኝታዬንም ትቼ ጀርባዬን በምሰሶው ማሸት ጀመርኩ። ሴትዮዋ ትንሽ አዩኝና በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ቁንጫ በልቶኝ ነው አዴ።"

"የተማረ ሰውንም ይበላል እንዴ?"

"በደንብ አድርጎ ይበላል።"

ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስኪበቃቸው ሳቁ። "እንግዲያ ከቀበሌ አይደላችሁም" አሉና ውሻቸውን ጠሩ።

ነጭ ጨርቅ አንጥፈን ውሻውን በጥርሰ ደቃቅ ማበጠሪያ ስናበጥረው ቁንጫው ይረግፍ ጀመር። አዴ ዘይነባ የመኝታቸውን ቁርበት ራሳቸው አምጥተው ጨርቁ ላይ አራገፉልን፤ አማካሪዬ ያዘዘኝ የቤት ቁንጫ ያ ነበር። ወዲያው ጎረቤቱ ሰማ። ወደ አዴ ዘይነባ ከመምጣታችን በፊት በር የዘጉብን ሴትዮ የእኔዎቹ ይወፍራሉ ብለው የራሳቸውን ውሻ እየጎተቱ መጡ። ያን ጊዜ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፣ ነዚፍን አቀፍኩት።

ጅማ

ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ላብራቶሪ ገባን። ሁሉንም በአልኮል፣ ቀጥሎም በተጣራ ውኃ አጠብን። የመዥገሮቹን እግር እየቆረጥን በየብልቃጡ ጨመርን። የቁንጫ ሆድ ግን ተቆርጦ ይጣላል፤ የጠጣው ደም ማሽኑን ያሳስተዋል። በየብልቃጡ ላይ የተገኘበትን ቦታ ጻፍኩና በባጃጅ ወደ መንደራ ቆጪ፣ ወደ ተከራየሁበት ቤት ሄድኩ። ሰውን ስለ ቁንጫው ከመጠየቄ በፊት የራሴን መናገር እንደሚቀድም ተምሬ ነበር። ስለዚህ አከራዬን እትዬ አስካለን በር ላይ ሳገኛቸው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ የአጋሮ ሆቴል ቁንጫ እንዳስያዘኝ ነገርኳቸው።

እትዬ አስካለ ግራ ቀኙን አዩ።

"የሰው ሆቴል አትማ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ድመቷ ከወለደች ጀምሮ የምትተኛው ካንተ አልጋ ሥር ነው። መድኃኒት ላስነፋ ስል ሄድክብኝ።"

ከኪሴ ባዶ ብልቃጥ አወጣሁ።

"እትዬ፣ አንድ ሁለት ልውሰድ? ቦታውን ግን መጻፍ አለብኝ።"

ብልቃጡን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"መንደራ ቆጪ ብለህ ጻፍ" አሉ፤ "የቤት ቁጥር ግን እንዳታስገባ።"