ያረረው ውስኪ

ውስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስሁት ከመዳፌ ላይ ነው። መለኪያ ጠፍቶ አይደለም። እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች፤ በእሷ ቤት መጠጥ የሚቀዳ ሰው ለሌላው ከመስጠቱ በፊት ጠብ አድርጎ ከመዳፉ ይቀምሳል። ሰው ሁሉ፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው ይላል። እናቴ ግን ያልቀመሱትን ነገር ለእንግዳ መስጠት እንግዳውን መናቅ ነው ባይ ናት።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ ነበር። አባቴ የሐይቁ ጀልባ ላይ ስለሚሠራ፣ ጎርጎራ ደርሶ እስኪመለስ ቤቱ የእኔና የእናቴ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም። የቀበሌ ስብሰባ፣ ማገዶ መፍለጥ፣ ሬዲዮ፤ በማግሥቱም ያው። ክረምቱ አልገባም፤ ሐይቁ ሸሽቷል፤ ዳር ላይ የቀረው የደንገል ሥር ከነጥቁር አፈሩ ደርቆ፣ ገበሬ የለቀቀው እሳት ከሥሩ ገብቶ ነበልባል ሳያሳይ ይጤሳል። ሰፈሩ ሁሉ ያንን ሽታ ለምዶ አይሰማውም። እኔም ሽታው ሳይሰማኝ፣ የሚወስደኝ ነገር ይመጣ እንደሆነ እያልሁ እዚያ ጭስ ውስጥ ቆሜ ሐይቁን አያለሁ።

አጎቴ የመጣው በዚህ መካከል ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ መርከበኛ። ከአሰብ ተነሥቶ፣ እኔ ስማቸውን በጂኦግራፊ መጽሐፍ ብቻ የማውቃቸውን ወደቦች ሲዞር ይከርምና ዕረፍት ሲያገኝ እኛ ዘንድ ይመጣል። በዚያ ዘመን ውስኪ የባለሥልጣን መጠጥ ነበር፤ እኛ የምናውቀው ባዶ ጠርሙሱን ነው፣ እሱንም ለዘይት መያዣ ተሻምተን። አጎቴ ሻንጣውን ከፍቶ፣ ሹራብ እየፈታ፣ ሦስት ሙሉ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆመ።

«ሁለቱ የናንተ ነው» አለ። «ይህኛው የሰው ነው።»

የማን እንደሆነ ሳይነግረን አወቅን። ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ የሆነች ልጅ ከወደደ ቆይቷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ ግን ውኃ ላይ ለሚኖር ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው፣ ባለፈው ዓመት የላከውን ሽማግሌ ከበር መልሰውበታል። የፈረቃ ኃላፊ ናቸው። ወጣት ሳሉ ለትምህርት ባሕር ማዶ ኖረዋል፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ይህችን አንድ ልጅ ይዘው ከሰው ሳይገጥሙ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ዘንድሮ በስንት አማላጅ፣ ቅዳሜ እኛ ቤት መጥተው ራሱን ሊያነጋግሩት ፈቀዱ። ሽማግሌ ይላክ አይላክ የሚለው ያን ቀን ይቆረጣል፤ ካልሆነ ልጅቷ ለሌላ ልትዳር ነው። ለምን ያንን ጠርሙስ እንደመረጠላቸው ግን አጎቴ አልነገረንም። ወሬውን ለቅዳሜ ቆጥቦት ነበር።

እናቴ፣ የእኛም ሆነ የሰው፣ ከቤቴ ያልተቀመሰ አይወጣም አለች። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ሦስቱንም ከፈትናቸው። እሷ የራሷን የዳጉሳ አረቄ አምጥታ አራተኛ አድርጋ አቆመችው፤ እንግዶቹ ፊት እንዳያፍር ብላ ጠርሙሱን ሁለቴ ወለወለችው።

መጀመሪያ ነገር ቀለማቸው አላማራትም። አረቄ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ማለት አለበት፤ ይህ የሻይ ቀለም ነው። አጎቴ፣ በእንጨት በርሜል አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሚያስቀምጡት ነው ቢላት፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?» አለችው። እኔ አንድ ክረምት መጠበቅ ያቃተኝ፣ ያንን ሰው አሰብሁት። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር አንድ ሰው ይህን ዘግቶበት፣ ወደ ቤቱ ሄዶ ራቱን በልቷል። ጠርሙሱን በሁለት እጄ ያዝሁት።

እናቴ ከየጠርሙሱ ጠብታ ጠብታ ቆርቆሮ ክዳን ላይ አፍስሳ ክብሪት ጫረችበት። አራቱም ሰማያዊ ነደዱ። የኛ ዳጉሳና የፈረንጁ መጠጥ እሳታቸው አንድ ነው። የቱ የማን እንደሆነ ከነበልባሉ ልለይ ብዬ ባፈጥም አልቻልሁም።

ከዚያ ቀመስን። የመጀመሪያው ከበቆሎ የሚወጣው የአሜሪካኖቹ ነው። አዲስ በተላገ ሳንቃ ላይ ማር ያፈሰሱበት ይመስላል። እናቴ፣ ይኼ የሰርግ ነው፣ ሙሽሪት ሳታውቀው ያሰክራታል አለች። ሁለተኛው የአየርላንድ ነው። ያንን መዳፏ ላይ አሻሸችው፣ አሸተተችው፣ ቀመሰችው፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ብቅል ነው» አለች። «የገብስ ብቅል። አደራረቁን ታውቅበታለች።»

አጎቴ፣ ሴት የለችበትም፣ ፋብሪካ ነው ብሎ ሳቀባት። አልሰማችውም። እኔም መልሼ ቀመስሁት፤ እውነትም ጓዳችን ውስጥ ቅርጫት ላይ የተሰጣው ብቅል አፌ ውስጥ አለ። እዚያ ዓለም ዳር ያለ ሰው ገብስ ዘፍዝፎ፣ አብቅሎ፣ አድርቆ፣ እናቴ ደግሞ እዚህ ሆና እጁን አወቀችው።

ሦስተኛው ጭስ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። የወይራ ጭስ አይደለም፣ ጋን የሚታጠንበት ዓይነት ጣፋጭ ጭስ አይደለም፤ አመድ፣ እርጥብ አፈር፣ የክሊኒክ አዮዲን። ወርዶም አይወርድም፤ ደረቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጤሳል። የት እንደማውቀው ጠፋኝ እንጂ አውቀዋለሁ። እናቴ አፏ ውስጥ አገላበጠችው፣ ዋጠችው፣ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አጎቴ እንዴት ነው ሲላት፣ ጥሩ ነው አለች። እናቴ ስለ መጠጥ ጥሩ ነው ብላ ብቻ የተወችበትን ቀን አላውቅም።

ጓዳ ገብተን በሩ ሲገጠም ነገረችኝ።

«አርሯል።»

ድፍድፉ ከማሰሮው ቂጥ ሲይዝ እንዲህ ያለ ሽታ ያመጣል፤ ለአውጪ ትልቁ ውርደት እሱ ነው። ወደብ ላይ ምስኪን ወንድሟን አታለውታል፤ ይህን ይዞ እኒያ ሰው ፊት ቢቀርብ ልጅቷ ቀረችበት። ታዲያ ንገሪው አልኋት። ያን ሁሉ ባሕር ታቅፎት መጥቶ፣ አርሯል ልበለው? አለች። ያረረ አረቄ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከውኃ ጋር ዳግም ይወጣል፣ ሽታው ማሰሮው ውስጥ ይቀራል። ጎረቤት ያበላሸውን ሁሉ እንዲህ አድርጋ ስታድን ኖራለች።

ዓርብ አጎቴ ወገቡን ሊታጠብ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደ። እናቴ ትንሿን ማሰሮ ጣደች፣ ውስኪውን ገለበጠችበት፣ ንጹሕ ውኃ ጨመረችበት፣ ሸምበቆውን ሰክታ ዙሪያውን በሊጥ ደፈነችው። የሸምበቆው ሌላ ጫፍ ገንዳ ውስጥ ወደ ተነከረው ጠርሙስ ይገባል፤ የእኔ ሥራ የገንዳው ውኃ ሲሞቅ መቀየር ነው። ጠብታው መውረድ ጀመረ። ጥርት ያለ፣ ዕንባ የመሰለ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ቀለም በአንድ ከሰዓት ማሰሮ ውስጥ ቀረ።

እናቴ ከመዳፏ ቀምሳ ቀና አለች። ከዚያ መዳፏን ወደ እኔ ዘረጋች። ቀመስሁ። ጭሱ አለ። እንዲያውም በርትቷል፤ ከበርሜሉ እንጨት ተላቅቆ ራቁቱን መጥቷል።

«እሳት የማያስለቅቀው እሳት» አለች፤ ድምፅዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምታወራ ይመስል ነበር። ስትፈራ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከምታውቀው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

አጎቴ ማምሻውን ገባ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከአንገቱ ወርዶ፣ የቀረውም ውኃ መስሎ ቆሟል። እናቴ ሳትሸፋፍን ነገረችው። ደፉ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ጭሱ እኮ ነው የተፈለገው» አለ።

ያን ጊዜ ሁሉን ነገረን። ሰውዬው የተማሩት ስኮትላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ሽማግሌዎቹን ከመለሱ በኋላ መንገድ ላይ ከአጎቴ ጋር ተገናኝተው፣ ከሰላምታ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያጫወቱት፤ እዚያ አንድ ደሴት ላይ የጠጡትን፣ ጭስ ጭስ የሚለውን መጠጥ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም ብለውት ነበር። አጎቴ በየወደቡ ሲፈልገው ከረመ። እዚያ ደሴት እንጨት ስለሌለ ከረግረግ ጥቁር አፈር ቆርጠው፣ አድርቀው፣ እሱን እያነደዱ ነው ብቅሉን የሚያደርቁት።

«ሆን ብለው?» አለች እናቴ።

«ሆን ብለው።»

እኔ ሻይ ጠብ እናድርግበትና ቀለሙ ይመለስ አልሁ። እናቴ በዓይኗ ቆረጠችኝ። ያልሆነውን አላስመስልም፣ የሆነውን እነግራቸዋለሁ አለች። አጎቴ፣ አረቄ በውስኪ ጠርሙስ አቀረቡልኝ ብለው ይሄዳሉ፣ አለቀልኝ ብሎ እህል ሳይቀምስ ተኛ።

ቅዳሜ ሰውዬው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ሥራው ስንት ወር ባሕር ላይ እንደሚያቆየው አጎቴን ጠየቁት፣ ነገራቸው። ልጅ ብትወልድ ማን አጠገቧ እንደሚሆን ጠየቁት፤ ወደ እናቴ ዞረ። ወሬው ሲደርቅ እናቴ በግንባሯ ጠቀሰችኝ። ቀዳሁ፣ ከመዳፌ ቀመስሁ፣ መለኪያውን ሰጠኋቸው። ሳይጠጡት እናቴ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው። ልጅዎን ሊያስከብርበት ያመጣው ነበር፤ አርሯል ብዬ ዳግም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም አለች።

መለኪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት። ጠጡት። አጎቴ ወለል ወለሉን ያያል። ሰውዬው ባዶውን መለኪያ አሸተቱ፣ ከዚያ ለእኔ ዘረጉልኝ። ቀዳሁላቸው፤ ሁለተኛውን ቶሎ አልጠጡትም።

«እዚያ አብሮኝ የሚማር ልጅ ነበር» አሉ። «አባቱ ወደሚሠራበት መጠጥ ማውጫ ወሰደኝ። ዝናብ ነበር። ከቧንቧው ሲወርድ፣ በርሜል ሳይገባ፣ በጣሳ ሰጡን።» ጠርሙሱን በጣታቸው ነኩት። «ነጭ ነበር። እንዲህ። በጠርሙስ የሚሸጠውንማ ጠጥቼዋለሁ፤ ይህን ነበር ያላገኘሁት።»

አጎቴን፣ ይህን ታውቅ ነበር? አሉት። አላውቅም አላቸው። ቢዋሽ ኖሮ ይነሡ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እናቴ አዙረው ስለ ማሰሮው፣ ስለ ሸምበቆው፣ በሊጥ ስለ መድፈኑ ይጠይቋት ጀመር፤ ካፖርታቸውን ያወለቁት ያኔ ነው። እሷም ስለ አፈሩ ጠየቀቻቸው። እንዴት እንደሚቆርጡት፣ ስንት ፀሐይ እንደሚበቃው። የደንገል ሥር የመሰለ ነገር አለበት አሏት። እናቴና እኔ ተያየን። ያንን ጭስ የት እንደማውቀው ገባኝ።

በር ላይ አጎቴን፣ «ሽማግሌ ላክ» አሉት። «መርከበኛነትህን አሁንም አልወደድሁትም። የቀረውን ግን ይዘውት ይምጡ።»

አጎቴ ጠርሙሱን አንሥቶ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ እንደገና ሹራብ ጠቀለለበት።

እኔና እናቴ ወደ ሐይቁ ወረድን። የደንገሉ ሥር እንደ ወትሮው ይጤሳል። ያ ሳይሸተኝ የኖረው ጭስ እንደ አዲስ አፍንጫዬን መታኝ። ባሕር ተሻግሮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት እንጨት ውስጥ ተኝቶ፣ በእናቴ ማሰሮ አልፎ ያልጠፋው ሽታ፣ እዚሁ ደጃችን ሜዳ ላይ በከንቱ ይጤሳል። ከዚህ የሚወስደኝን ስጠብቅ የቆምሁት እሱው ውስጥ ነበር። ወዴት እንደሆነ ሳላውቅ ልሂድ ልሂድ የሚለኝ ልቤ ያን ማታ ዝም አለ።

እናቴ ጎንበስ ብላ፣ እሳት ያልደረሰበትን አንድ ደረቅ ጥቁር ጓል አነሣች፣ አሸተተችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ሌላ አነሣች። ሰኞ ብቅሏን በምን እንደምታደርቅ አልጠየቅኋትም፤ እኔም ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርሁ።