ጋሽ ይማም ሳክስፎናቸውን ያወረዱ ቀን

የጠመንጃ ሰደፍ የጋሽ ይማምን አፍ ሲመታ፣ ጥርሳቸው ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት።

ዛሬ እዚህ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር ሙዚቃ የሚለማመዱ ወጣቶች "አብረን ስንጫወት እንዴት እንደማመጥ?" ብለው ሲጠይቁኝ ያ ቀን መጣብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የኪነት ቡድን ነበርን። እኔ አኮርዲዮን እጫወታለሁ፤ ጋሽ ይማም ሳክስፎን እየነፉ ይመሩናል።

"የራሳችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ውጭ ያለውንም ስሙ" ይሉን ነበር። እኛ ግን ጎበዝ ማለት በኃይል የሚጮኽ ይመስለን ነበር። (አኮርዲዮን ለዚህ ይመቻል።)

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ጥበቃዎች ገብተው ክራር ተጫዋቻችንን ሰሎሞንን ጎትተው ጎን ካለው ክፍል አስገቡት።

"ተጫወቱ! ጩኸቱ ውጭ እንዳይሰማ!" አሉን።

ተጫወትን። ከግድግዳው ማዶ ይገርፉታል።

ጋሽ ይማም ሳክስፎናቸውን ከአፋቸው አወረዱና "ልጆች፣ ስሙት" አሉ። አኮርዲዮኔን ዘጋሁ። ከበሮውም ቆመ። የሰሎሞን ጩኸት በመስኮት ወጥቶ መንገዱን ሞላው።

ሰደፉ ያረፈባቸው ያን ጊዜ ነው። እኔንም በርግጫ ጣሉኝ።

ውጭ ግን ዓሣ ሸጠው የሚመለሱ ሴቶች "የማን ልጅ ነው? ኧረ ገደሉት!" እያሉ በሩን ሞሉት። የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ፈርቶ ሰሎሞንን ሐኪም ቤት አስወሰደው። እያነከሰ ቢሆንም በሕይወት ኖረ።

ጋሽ ይማም ዳግመኛ ሳክስፎን አልነፉም።

እናንተስ፣ መጫወት አቁማችሁ የሰማችሁት ድምፅ አለ? እስቲ ከታች ጻፉልኝ።