ያቋረጥኩት ሰላምታ

ሮቤ ተቀምጬ ሕመምተኞችን በስልክ የማማክር ነርስ ነኝ። ጎረቤቶቼ «ወሬ እያወራሽ ደመወዝ ትበያለሽ» ይሉኛል፤ ያንገበግበኛል።

አንድ ጠዋት ከዲንሾ አንድ አዛውንት ደወሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቁኝ ጀመር። የኛ አገር ሰው ጭንቀቱን የሚናገረው ሰላምታው ሲያልቅ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ የጎረቤቶቼ ነገር ከንክኖኝ፣ «አባባ፣ እዚህ የተቀመጥኩት ለወሬ አይደለም። ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።

«እኔስ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይቅርታ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁሽ» ብለው ዘጉ።

መልሼ ብደውል፣ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን አነሱት። አሁን አላቋረጥኳቸውም። ዝናቡ ደህና፣ ገብሱ ደህና፣ ከብቱም ደህና፣ አልሐምዱሊላህ አሉኝ።

«ባለቤቴን ግን ትናንት ቀበርናት።»